የግራው አጎዛ

ከእጄ ብዙ ሞተር ሳይክል አልፏል፤ እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ ግን አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ደብረ ብርሃን እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበረች፤ የሚነዷት ደግሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም። የክትባት ሳጥናቸውን ከኋላ አስረው እስከ አንኮበር ድረስ ይዞሩባታል።

ኅዳር ሲጋመስ መጡ። አንደኛ ማርሽ ሲገባ «ጓ» ይላል፤ ሁለትና ሦስት በእርግጫ ካልሆነ አይገቡም፤ ሲቆሙ ደግሞ ዜሮ ማርሽ ተፈልጎ አይገኝም። ከቴክኒክና ሙያ ለሥልጠና የተላከችልን ልጅ እንደ ልማዷ ጀመረች፦ ዘይት እንዳይነካቸው ብላ መሪው ላይ የታሰሩትን ሁለት አጎዛዎች ፈታች፣ ሚስማር ላይ ሰቀለች፣ ሞተሯን ወደ ውስጥ ገፋች።

ዲቲ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት ነው። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ሰው ሁሉ ይሞላል፤ ካምቢዮው የራሱ ዘይት እንዳለው፣ እጀታው ሲጨበጥ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮንም የሚዋኘው በዚያው ውስጥ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ብሎኑን ስፈታው የወረደው ከዘይት ይልቅ ጉሽ ጠላ ይመስል ነበር። ቀየርኩና እስከ ጠባሴ ነድቻት ተመለስኩ፤ ማርሹ በጣት የሚገባ ሆነ።

«ውርጩ ነው ዶክተር፤ ያረጀ ዘይት በብርድ ሲወፍር የፍሪሲዮን ዲስኮችን ያጣብቃቸዋል» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ያጣብቃል። ችግሩ የጀመረው ከውርጩ ጋር ነው ስላሉኝ ደግሞ ነገሩ ልክክ ብሎልኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ተመለሱ። «ያው ናት» አሉ። ልጅቷ አጎዛዎቹን ፈታች፣ እኔ ነዳሁ፣ ምንም የለም። ባዶ እጄን ከምሰዳቸው ብዬ መሳሳት የጀመረውን የፍሪሲዮን ኬብል ቀየርኩ፤ የእጀታውንም ልቅነት ጫፉ ላይ ለክቼ 10 ሚሊሜትር አደረግሁት። ካቴናውም ላልቶ ነበርና ወጠርኩት። በሳምንቱ እንደገና መጡ።

አፌ ያመለጠኝ በዚህኛው ቀን ነው። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ አለቃዬም በር ላይ ቆሟል። «ዶክተር፣ ሞተሯ ደህና ናት። የእግርዎን አመታት ያስተካክሉ» አልኳቸው። እኔ ካቻቢቴ መያዝ ሳልጀምር ጀምሮ ሞተር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው።

አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣ በሬ አመመኝ አይልም። የሚናገርለት ባለቤቱ ነው» አሉ። «አንዳንዱ ደግሞ ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስ ይድናል። ማነከሱን ይተወዋል፤ ባለቤቱ በሰው ፊት ያፍራል።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«በረቱ ድረስ እሄዳለኋ!»

ሰዉ ሳቀ። የሳቁት በበሬው ይሁን በእኔ አልለየሁም፤ ፊቴ ግን ጋለ። እልህ ያዘኝና፣ በረቱ ድረስ በመሄድ ፈንታ ፍሪሲዮኑን መክፈት ጀመርኩ።

አብሮኝ የሚሠራው መካኒክ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ካምቢዮው ይከፈት፤ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ታጥፏል» እያለ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ፣ የኋላ ጎማውን በእጄ እያሽከረከርኩ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብቼ አሳየሁት፤ ሹካው ቢታጠፍ ኖሮ ሞተር ጠፍቶም ያስታውቅ ነበር። ቆማ ዜሮ ማርሽ አለማግኘቷ የፍሪሲዮን አለመላቀቅ ምልክት እንጂ የካምቢዮ አይደለም። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ካምቢዮ የሚያስከፍት ደንበኛም አላጣም ይባላል።

ፍሪሲዮኑ ሲከፈት ደስ አለኝ። ዲስኮቹ የተቀመጡበትን ቅርጫት ጠርዙን ቦርቡረውታል፤ ዲስክ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ ሲጠመድ በቀላሉ አይላቀቅም። በጥሩ ሞረድ አለሰለስኩት፣ አዲስ ዲስኮች አስገባሁ፣ አለቃዬ ሒሳቡን ጻፈ። ዶክተር ደረሰኛቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ አጎዛቸውን በገዛ እጃቸው አስረው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በር ላይ ነበሩ። ምንም አላሉም፤ ቁልፉን ሰጥተውኝ ሻይ ሊጠጡ ተሻገሩ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ልጅቷ ገና አልመጣችም። አጎዛውን ልፈታ ብሞክር የደነዘዘ ጣቴ ገመዱን አልይዝ አለኝ፤ እንደታሰረ ተቀመጥኩባት። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ አንደኛ ማርሽ ስነካ «ጓ!» ብላ ከእነእኔ ወደ በሩ ዘለለች።

ፍሪሲዮኑን እንደጨበጥኩ ወደ ግራ እጄ አየሁ። እጀታው እስከ መጨረሻው አልመጣም፤ አጎዛው ላይ ደርሶ ቆሟል። በእጀታውና በመጨበጫው መካከል የአንድ ጣት ውፍረት ያለው የመንዝ በግ ጸጉር አለ፤ ዲስኮቹ ደግሞ በደንብ የሚላቀቁት በዚያችው በመጨረሻዋ ጣት ላይ ነው። እኛ ዘንድ በመጣች ቁጥር አጎዛው ሚስማር ላይ ነበር የሚውለው።

መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ዘይት ተከፍሏል፣ ኬብል ተከፍሏል፣ ዲስክ ተከፍሏል፤ በሰው ፊት «እግርዎ ነው» ያለ አፍ «አጎዛዎ ነው» ማለት አቃተው። መቀስ አመጣሁና የግራውን አጎዛ በእጀታው በኩል እስከ ቆዳው ሸለትኩት። ዶክተር ሲመለሱ «ትንሽ ማስተካከያ ነበር የቀረው፤ ሒሳብ የለውም» አልኳቸው። ልጅቷ ስትደርስ ወለሉ ላይ የተበተነውን ጸጉር አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መጥረጊያ አነሣች።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። የገና ሰሞን በጋራዡ በር ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ማርሹስ ዶክተር?»

«እንደ አዲስ ሆኗል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከዚያ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሹ፣ «ይህኛው እጄን ብቻ ብርድ ገደለው። ጸጉሩ ሳስቷል» አሉ።

«ሲቆይ ይረግፋል።»

ጎንበስ ብለው ዳሩን በጣታቸው ዳበሱት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንደኛ ማርሽ ያለ ድምፅ አስገቡ።

«የበግ ጸጉር ሲረግፍ አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «በመቀስ አይረግፍም።»