ከዕቁብ እስከ ቤት ቁልፍ፦ በእንግሊዝ ገጠር መንደር ቤት የገዛንበት መንገድ

«ይህ 10,000 ፓውንድ ስጦታ ነው ወይስ ብድር?» የሚለው ጥያቄ ከጠበቃዬ ቢሮ የደረሰኝ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ነበር። ከባለቤቴ ጋር በኖርዝሃምፕተንሺር፣ ከኬተሪንግ ከተማ ብዙም በማትርቅ ትንሽ መንደር ውስጥ ለአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት በ285,000 ፓውንድ ተስማምተን የወረቀቱን ሥራ ጀምረናል። በእንግሊዝ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ሕገ ወጥ ገንዘብ በቤት ግዢ በኩል እንዳይገባ የመመርመር ግዴታ በጠበቆች ላይ በሕግ ተጥሏልና። በእኔ የባንክ መግለጫ ላይ ደግሞ ከአንድ ሰው ሒሳብ በአንድ ቀን የገባ 10,000 ፓውንድ ጎልቶ ይታያል። ያ ገንዘብ የዕቁብ ዕጣዬ ነበር።

ለንደን በኖርንባቸው ዓመታት 20 ሰዎች ሆነን በወር 500 ፓውንድ እየጣልን ሁለት ዙር ዕቁብ ገብተናል። የአሥር በመቶ ቅድሚያ ክፍያችን 28,500 ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 20,000ው የተገኘው በእነዚህ ሁለት ዕጣዎች ነው። ገንዘቡ ስጦታ ቢሆን ሰጪው በቤቱ ላይ ምንም ድርሻ እንደማይጠይቅ ፈርሞ መታወቂያውን ማቅረብ ነበረበት፤ ብድር ቢሆን ደግሞ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) የሚሰጠው ባንክ ማወቅ ነበረበት። ዕቁብ ግን ስጦታም ብድርም አይደለም፤ የራሴው ገንዘብ በወዳጆቼ እጅ ዞሮ ተጠራቅሞ የመጣ ነው። ይህን ለጠበቃው በሁለት ገጽ ጻፍኩለት። የአባላቱን ዝርዝርና የዕጣውን ቅደም ተከተል የዕቁቡን ዳኛ አስፈርሜ አያያዝኩ፤ ከእኔ ሒሳብ በየወሩ የወጣውን 500 ፓውንድ ደግሞ በባንክ መግለጫው ላይ አንድ በአንድ በቢጫ ቀለም አሰመርኩበት። ያሳመነው ያ ቢጫ መስመር ይመስለኛል። ሁለተኛው ዙር ገና ስድስት ወር ይቀረው ስለነበር ግን ቀሪው 3,000 ፓውንድ እንደ ዕዳ ተቆጥሮ ለባንኩ ተነገረ፤ ባንኩም አስቦበት ተቀበለው። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ዕቁብተኞች ሁሉ፣ እባካችሁ ክፍያችሁን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ አድርጉ፤ ዝርዝሩንም እንደ ንብረት ሰነድ አስቀምጡት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አምስት ሳምንት ባልባከነብኝ።

ከዚያ በፊት ሌላ ቤት አምልጦናል። በዚያው አውራጃ በምትገኝ ሌላ መንደር ያቀረብነውን ዋጋ ባለቤቱ ተቀብሎን፣ ለቤቱ ምርመራና ለሕግ ሥራው ወደ 1,200 ፓውንድ ከከፈልን በኋላ፣ ሌላ ሰው 8,000 ፓውንድ ጨምሮ ስለመጣ ሸጠለት። የዋጋ ስምምነት በኢትዮጵያዊ ልማድ ቃል ነው፤ ቃል የተሰጠው ሰውም ይታመናል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ግን ሁለቱ ወገኖች ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም በማንም ላይ አይታሰርም። ባለቤቴ ያን ዕለት ከሆስፒታል የሌሊት ተራ ወጥታ ነበር፤ ስነግራት የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቤቱን በልቧ ገብታበት ነበርና እኔም የምላት አልነበረኝም።

የወለድ ጊዜውም የከፋ ነበር። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 መባቻ 0.1 በመቶ የነበረውን ወለድ በኦገስት 2023 5.25 በመቶ አድርሶት ነበር። በ30 ዓመት የሚከፈለው ብድራችን በወር 1,470 ፓውንድ ገደማ ሆነብን፤ ቢሆንም ለንደን ለሁለት መኝታ ቤት ኪራይ እንከፍል ከነበረው ያነሰ ነው። መጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው በዚያን ጊዜ እስከ 425,000 ፓውንድ ድረስ ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለው የቤት ግዢ ግብር አይከፈልም ነበር፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 300,000 ተመልሷል።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። በዚህ አካባቢ ያሉ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ብረት ካለው፣ የዝገት ቀለም ከሚታይበት ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳው ሁሉ የጠጅ መልክ ይይዛል። ቤቱን የመረመረው ባለሙያ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋ መሣሪያው ጮኸ። ከዚያ ወደ ውጭ ወሰደኝና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ግራጫ ሲሚንቶ በጥፍሩ ነካካው። አሮጌ ግድግዳ የሚታነጸው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለማደስ ብሎ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ስለሞላበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ዞሯል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የፋሲል ግንብ በኖራ እንደተሠራ በልጅነቴ እሰማ ነበር፤ ኖራ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን ከዚያ ባለሙያ ጎን ቆሜ ነው። ሲሚንቶውን ፍቀን በኖራ እየተካነው ነው፤ በዓመት የአንድ ግድግዳ አቅም ብቻ ነው ያለን።

ከተማ ለለመደ ሰው አዲስ የሚሆነው ሌላው ነገር ከመሬት በታች ያለው ነው። ወደ መንደሩ የጋዝ መስመር አይደርስም፤ ከቤታችን በኩል ደግሞ የሕዝብ የፍሳሽ መስመር የለም። የቤቱ ፍሳሽ በጓሮው በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ይጠራቀም ነበር፤ ጠበቃችን አጥብቆ ሲጠይቅ ግን ታንኩ የሚያፈሰው በቀጥታ ወደ አጠገቡ ቦይ መሆኑ ታወቀ። ይህ ዓይነቱ ታንክ እስከ ጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ድረስ እንዲቀየር ደንቡ አዝዞ ነበር። ሻጯ ከመሸጧ በፊት በማጣሪያ መሣሪያ እንድትተካው ጠየቅን፤ እሷም ቅር እያላት ተስማማች፤ ቁልፉን ለመረከብ ግን እስከ ኖቬምበር መጠበቅ ግድ ሆነ። በገጠር ቤት የምትገዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከወጥ ቤቱ ስፋት በፊት ጠይቁ።

ቁልፉን በተረከብን በማግሥቱ ጠዋት ቡና ላፈላ ስል በወጥ ቤቱ መስኮት አንድ ሽማግሌ ውሻ አስከትለው በግቢያችን ጠርዝ ሲያልፉ አየሁና ደነገጥኩ። እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁ። በኋላ ሰነዱን ገልጬ ሳየው በነጠብጣብ የተሠመረ የሕዝብ የእግር መንገድ በመሬታችን ላይ ያልፋል፤ መዝጋት አልችልም፤ በላዩ የሚያዘነብለውን ቁጥቋጦ የመቁረጥ ኃላፊነትም የእኔ ነው። ያን ሰሞን እናቴ በስልክ «ልጄ፣ መሬቱስ? መሬቱም ያንተ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባልበት አገር የኖረች ሴት ናትና መሬቱም ከቤቱ ጋር በስማችን መመዝገቡን ለማመን ተቸገረች። «አዎ እማዬ፣ የእኛ ነው፤ ሰው ግን ያልፍበታል» አልኳት። «ታዲያ ይለፍበት እንጂ! መንገድ ይዘጋል እንዴ?» አለችኝ።

ስለ ብቸኝነቱ ሳልናገር ባልፍ እውነቱን ሸሸግሁ ማለት ነው። በመንደሩ ከእኛ ሌላ ሐበሻ የለም። አውቶቡስ በሁለት ሰዓት አንዴ ይመጣል፤ እሑድ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ለቅዳሴ ለንደን ለመድረስ ሌሊት ተነሥተን በመኪና እንወጣለን። የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ የመንገድ መብራት ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ክፉ ቃል የተናገረን ማንም የለም፤ ነገር ግን ቡና አፍልተህ የምትጠራው ጎረቤት ማጣት ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

በሩን የከፈተልን የማሞቂያ ነዳጅ ነው። ቤቱ የሚሞቀው በግቢው ባለ ታንከር ውስጥ በሚቀመጥ ኬሮሲን ሲሆን፣ አከፋፋዮች በአብዛኛው ከ500 ሊትር በታች አያደርሱም፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ካዘዘ ዋጋው ይቀንሳል። ከሁለት ቤት ወዲያ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ለዓመታት የመንደሩን ትእዛዝ ሲያሰባስቡ ኖረዋል። በጃኑዋሪ አንድ ማታ ደብተር ይዘው በራችንን አንኳኩ፤ «ስንት ሊትር ልጻፍላችሁ?» አሉን። ወደ ውስጥ እንዲገቡ ለመንናቸው፤ ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጥተው ሄዱ። ደብተራቸው በእጅ የተሠመረ ነው፦ ስም፣ ሊትር፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ። እኔም ስለ ዕቁብ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰምተው «ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጠበቃዬ እንኳ ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። «ዋስ አለው» አልኳቸው፤ ዋስ ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኋቸው።

ባለፈው ኦክቶበር የነዳጅ መኪናው ሲመጣ ቀኑ መሽቶ ዝናብ ያካፋ ነበር። አዛውንቷ የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው፣ ደብተሩን በላስቲክ ከረጢት ሸፍነው በራችን ላይ ቆመው ነበር። ሾፌሩ ረጅሙን ጎማ በእግር መንገዱ ላይ እየጎተተ ወደ ታንከሩ ሲወስድ እኔ ባትሪ አበራሁለት፤ እሳቸው ደግሞ በብርሃኑ ጥግ ደብተሩን ገልጠው ከስሜ ፊት ምልክት አደረጉና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።