አንድ ሳሎን ለሁለት ሰው

ባለቤቴ ባዶ ግድግዳ ይወዳል። እኔ ባዶ ግድግዳ ሳይ የሆነ ነገር ካልሰቀልኩበት እረፍት የለኝም። እሱ ግራጫና ነጭ፣ ጌጥ የሌለው ዕቃ፤ እኔ ቀይ፣ የቆየ እንጨት፣ ጥልፍ ያለው ትራስ። ተጋብተን የሁለታችንም ዕቃ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ለብዙ ወራት የማናችንም አልሆነም።

መጀመሪያ የሞከርነው መካፈል ነበር። ሶፋውን አንተ ምረጥ፣ ምንጣፉን እኔ። ፍትሃዊ ይመስላል፣ ግን አልሠራም። ዕቃው ለየብቻው ያምራል፣ አንድ ላይ ሲሆን አይሄድም። ደግሞ የምንቆጥረው ተራ ብቻ ሆነ፤ ክፍሉን ረሳነው።

የለወጠን አንድ ማታ ቁጭ ብለን "ይሄን ለምን አልወደድከውም?" ብዬ የጠየቅኩት ጊዜ ነው። ለካ ቀዩን ጠልቶት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጫጫታ ውስጥ ውሎ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚያጣ ነው። እኔ ደግሞ ሰው በሚበዛበት ቤት ስላደግኩ ባዶ ክፍል ሰው የለቀቀው ቤት ይመስለኛል። እሱን ያስቸገረው መበታተኑ፣ እኔን ያስከፋኝ ቅዝቃዜው። ለሁለቱም መላ አለው።

ስዕሎቼንና ፎቶዎቹን በሙሉ ሶፋው ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ሰበሰብኳቸው። እሱ ሲቀመጥ የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ግድግዳ ነው፤ እኔን ከበር ስገባ የሚቀበለኝ የራሴ ነው። ፍሬሞቹን ሁሉ ቀጭን ጥቁር አደረግናቸው፣ መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድረን አየናቸው፣ ከዚያ የታችኞቹን ከሶፋው መደገፊያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሰቀልን። ከዚያ በላይ ሲርቁ ስዕሎቹ የሶፋው አይመስሉም፣ አየር ላይ የቀሩ ነው የሚመስሉት።

ቀለም ላይ ዲዛይነሮች 60፣ 30፣ 10 የሚሉትን ክፍፍል ተጠቀምን፤ ከክፍሉ 60 በመቶው ዋናው ቀለም፣ 30 በመቶው ሁለተኛው፣ 10 በመቶው ማድመቂያው ማለት ነው። ግድግዳውና ሶፋው፣ ማለትም ትልቁ ድርሻ፣ የእሱ ግራጫ ሆነ። 30ው እንጨት። ቀዩ 10 ብቻ ደረሰው፣ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይደጋገማል፦ ትራሱ፣ ምንጣፉ፣ አንዱ ስዕል። ቀይ ትራስ ብቻውን ሲሆን ተረስቶ የቀረ ነው የሚመስለው።

ይሄን ሁሉ አድርገንም ክፍሉ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ጥፋተኛው አምፖሉ ነው! ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው። ይሄ ቁጥር ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ። 2700 በሆነ ቀየርነውና አንድ መብራት ጥግ ላይ ጨመርን፤ ግራጫው ለሰለሰ፣ እንጨቱም ነፍስ ዘራ። እባካችሁ ሶፋ ከመቀየራችሁ በፊት አምፖላችሁን ቀይሩ።

ምንጣፍ ስትገዙ መጠኑን በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉና ሁለት ቀን ተራመዱበት። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ይረፉበት። የእኛ የመጀመሪያው ትንሽ ነበር።

ልጆቻችን መጫወቻቸውን የሚከቱበት ክዳን ያለው ሳጥን አለ፣ እንደ መቀመጫም ያገለግላል። እሱ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ከላጤነቱ ጀምሮ ያለችው የቆዳ ወንበር ግን አከራክራናለች። አታምረኝም፣ እውነቱን ለመናገር። የአባቱ እንደነበረች የነገረኝ "ይሄ ለምን ይቀመጣል?" ስለው ነው፤ እኔም ከዚያ በኋላ ከቤት ትውጣ ብዬ አላውቅም። ከመስኮቱ አጠገብ አደረግናት፣ ከጎኗ የእኔን የእንጨት ጠረጴዛ አስጠጋሁላት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታቸው የቆዳውና የእንጨቱ ቡኒ አንድ ዓይነት ይሆናል።

መጋረጃውን ገና አልወሰንንም። ሁለት ናሙና ጎን ለጎን ሰቅለናል፣ የእሱንም የእኔንም፣ ጠዋትና ማታ እያየናቸው ነው።