የእትዬ ታፔላ

«ራውተር ገዛሁ» ስላት እናቴ «ምነው፣ ዋይፋዩ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አይ እማ፣ የእንጨት መፈልፈያው ነው። ሁለት እጀታ ያለው፣ ከታቹ ቢት የሚባል ስለታም መቁረጫ የሚሽከረከር፣ ሲነሳ የጎረቤት ውሻ የሚያስጮህ ማሽን። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ልላክልህ ብሎኝ ነበር፤ ግን የነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220፣ ገና እንደሰካሁት ነበር የሚጨሰው። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ ገዛሁ።

የመጀመሪያ ስራዬ የሰፈራችን እትዬ ታፔላ ነው። «ምሳ ቤት»። አራት ፊደል። ምን ይከብዳል አልኩ!

መጀመሪያ በፎም ልለማመድ ብዬ የቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም አወጣሁ። ቢቱ ሲነካው አልተቆረጠም፣ ተፈለፈለ። ኳስ ኳሱ ሱሪዬ ላይ ተጣብቆ አልራገፍ አለኝ። የቀረውን በስፕሬይ ቀለም ልቀባው ስል ደግሞ ቀለሙ ዓይኔ እያየ በላው። በፎም መስራት ካማራችሁ ጠጣሩን፣ ኳስ የሌለውን ፈልጉ፣ ቀለሙም በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ይሁን።

እንጨቱን ከምናለሽ ተራ አገኘሁት፣ የአሮጌ በር ዋንዛ። ዋንዛ ለእጅ ይመቻል። ቢቱ ጫፉ ሹል ሆኖ ወደ ላይ የሚሰፋው ባለ 90 ዲግሪ ነው፤ 5 ሚሊ ሲወርድ መስመሩ 10 ሚሊ ይሰፋል፣ 2 ሚሊ ሲወርድ 4። ለፊደላችን የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም የቁም ጽሕፈት፣ ማለትም የብራና መጻሕፍቱ አጻጻፍ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር ነው፣ እሱን ደግሞ በጥልቀት ብቻ ታወጡታላችሁ።

ግን ማሽኑ የራሱ ፀባይ አለው። ከላይ ስታዩት ቢቱ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል፣ ስለዚህ ወደፊት ስትገፉት ሁልጊዜ ወደ ግራችሁ ማምለጥ ይፈልጋል። ለቀጥታ መስመር ጣውላ በሞርሳ የምታስሩ ከሆነ በግራ በኩል እሰሩ፣ ይደገፍበታል። ባንዴ ጠልቄ ልጨርስ አትበሉ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሙሉውን። አንድ ቦታ ከቆማችሁ ደግሞ እንጨቱ ይጠቁራል። መነጽርና ማስክ የግድ ነው፣ ሰጋቱራው ዓይን አይምርም።

«ሳ» ላይ ሆኜ መብራት ጠፋ። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ማጥፊያውን አልነካሁትም። መብራት ሲመጣ ራሱን አስነስቶ ጠረጴዛው ላይ እየጨፈረ ጠበቀኝ፣ እግዜር ነው ሰው እንዳይኖር ያደረገው። አሁን መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሶኬቱን ነው የምነቅለው።

ዋናው ጣጣ ግን ቀለበቶቹ ናቸው። በላቲን ፊደል የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ይህን አይነግሯችሁም። «ም» ሁለት ክብ አለው፣ እሱስ ትልቅ ስለሆነ ደህና ወጣ። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት ግን! ዞሬ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ መሃሏ ላይ የቀረችው እንጨት፣ ከሽምብራ የማትበልጥ፣ ቱር ብላ በረረች። ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ተንበርክኬ ፈለግኋት። አገኘኋት፣ በኮላ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ቀለበት በራውተር አልነካም፤ ዙሪያውን በማሽን እሰራና ቀለበቷን በመሮ ቀስ ብዬ እጨርሳለሁ።

በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ የፊደሉን ውስጥ ጥቁር አድርጌ ወሰድኩላቸው። እትዬ ራቅ ብለው አዩት፣ ቀረብ ብለው አዩት። «ቤ»ን በጣታቸው ነካ አደረጉና «እዚህች ጋ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አልገባኝም። ለማንኛውም ሽሮ ጋበዙኝ።

አሁን ከሳቸው አጠገብ ያለው ልጅ «ፀጉር ቤት» ጻፍልኝ ብሎኛል። «ፀ» ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ መስመር አለው፣ ማለትም ሁለት የሚበር ቁራጭ። ቀለበት በሌለው «ጸ» ብጽፈው ቅር ይልህ ይሆን ብዬ ልጠይቀው ነው።