ጭምብሉ ሲወልቅ

ሰሞኑን የቆዩ ኮሚኮቼን (በስዕል የሚተረኩ የጀግና መጽሔቶቼን) አውጥቼ እንደገና እያነበብኩ ነው። ደግሜ ደግሜ የምገልጣቸውን ገጾች ልብ ብዬ ሳያቸው፣ ድብድብ የሚባል ነገር የለባቸውም ማለት ይቻላል። ሕንጻ አይፈርስም፣ ከተማ አይድንም። አንድ ሰው ጭምብሉን ያወልቃል። ወይም ደግሞ ሳያወልቀውም ማን እንደሆነ ይታወቅበታል። እኔ ሆዴ የሚባባው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለነዚያ ገጾች ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ኮሚኮቹ ላይ የታተመው እሱ ስለሆነ።)

ልዕለ ጀግና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጉልበቱ ነው፤ መብረሩ፣ ግድግዳ መውጣቱ፣ ብረት ማጠፉ። ለእኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ሚስጥሩ ነው። ሚስጥሩን ከጠላቶቹ ብቻ ቢደብቅ ደግ ነበር። አብረውት ከሚኖሩትም ይደብቃል። ማታ ቆሳስሎ ይገባል፣ ጠዋት ሰበብ ይፈጥራል። የሚዋሻቸው ስለሚወዳቸው ነው። እነሱም ስለሚወዱት ያመኑ ይመስላሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መኖር ምን ያህል ብቸኝነት እንዳለው ጥሩ ኮሚክ ሲሆን በደንብ ያሳያል።

ነገሩ ከማንም በላይ የከበደው ፒተር ፓርከር ላይ፣ ማለትም ስፓይደርማን ላይ ነው። የስፓይደርማን 33ኛ ቁጥር ላይ ያለውን ትዕይንት የኮሚክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የወጣው በፌብሩዋሪ 1966 ነው፤ የስታን ሊ እና የስቲቭ ዲትኮ ሥራ። ፒተር ከውሃ በታች በተሠራ የወንጀለኞች መደበቂያ ውስጥ ግዙፍ ማሽን ተጭኖት ተኝቷል። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። የታመሙትን አክስቱን ሜይን የሚያድነው መድኃኒት ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ እጁ ግን አይደርስም። የሞተው አጎቱ ቤን ትዝ ይለዋል። ሜይ ይታዩታል። ዲትኮ ስዕሎቹን ቀስ በቀስ እያሰፋ ይሄድና በመጨረሻ ገጹን ሙሉ በያዘ አንድ ስዕል ማሽኑ ተሽቀንጥሮ ይነሳል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ማንሳት ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ ይደርሳል፣ ሜይ ይድናሉ። ማን እንዳዳናቸው ግን አያውቁም። ልጃቸው እንዲያ ሆኖላቸው፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይመስላል። ሜይ እኮ እናቱም አባቱም ናቸው!

ይሄ ዕዳ የተከፈለው ልክ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 2002 በታተመው ቁጥር፣ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ጽፎት፣ ጆን ሮሚታ ጁኒየር ስሎት። ከዚያ ቀደም ብሎ ሜይ ፒተርን ቆሳስሎ እንቅልፍ ጥሎት፣ የተቀደደውን የስፓይደርማን ልብስ አጠገቡ ያገኙታል። ከዚያ ይህ ቁጥር ይመጣል፤ ስለ ምንም ሌላ ነገር አይደለም፣ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ነው። ክፉ ሰው የለ፣ ፍንዳታ የለ። ፒተር የደበቀውን ያወጣል፦ አጎቱን የገደለውን ሌባ ቀደም ብሎ ማስቆም ሲችል ዝም ብሎ እንዳሳለፈው። ይሄን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ሜይም የራሳቸውን ያወጣሉ። ያን ምሽት ከቤን ጋር ተጋጭተው ነበር። ቤን ከቤት የወጣው ለዚያ ነው። ስለዚህ እሳቸውም ለካ ያን ሁሉ ዓመት «የሞተው በእኔ ምክንያት ነው» እያሉ ነው የኖሩት። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ሟች፣ ሁለት ሰዎች ጥፋቱን ለየብቻቸው ተሸክመው። አንዳቸው ቀድመው አፋቸውን ቢከፍቱ ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም ይተኙ ነበር? ግን ማን ይከፍታል። እያንዳንዳቸው ሌላኛውን እንዳይጎዱ ነው ዝም ያሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት በ1995፣ 400ኛው ቁጥር ላይ፣ ሜይ ኢምፓየር ስቴት ሕንጻ አናት ላይ ሆነው ፒተርን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደሚያውቁና እንደሚኮሩበት ነግረውት ነበር። ከዚያም ያርፋሉ። የጄ. ኤም. ደማቲስ ጽሑፍ ነው፤ በጣም ያምራል። በኋላ የመጡ ደራሲዎች ግን «ያቺ እኮ ሜይን መስላ የተጫወተች ተዋናይ ናት» ብለው ታሪኩን ሰረዙት። ኮሚክ እንዲህ ነው፤ የሞተው ይነሳል፣ የታወቀው ይረሳል። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ቁርጥ ነው፦ አንዴ ያነበብኩትን ማንም አይሰርዝብኝም። ያ ገጽ ለእኔ ሆኗል።

ማወቅና ዝም ማለትን እንደ ካማላ ካን እናት ያደረገበት የለም። ካማላ በኒው ጀርሲ ግዛት በጀርሲ ሲቲ የምትኖር፣ ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ ታዳጊ ናት። የራሷ ኮሚክ በ2014 ሲጀመር የጻፈችው ጂ. ዊሎው ዊልሰን፣ የሳለው አድሪያን አልፎና ነው። ካማላ ሚስ ማርቭል የተባለችው ጀግና መሆኗን ቤተሰቦቿ እንዳያውቁባት የማትፈጥረው ሰበብ የለም። ትቀጣለች፣ ተቆጪ ትበዛባታለች፣ ማታ በመስኮት ትወጣለች። በ2015 ዓለም ልትጠፋ በተቃረበችበት ታሪክ ውስጥ ግን በቃ፣ ከእንግዲህ መደበቅ ምን ያደርጋል ብላ ለእናቷ ልትነግራት ትመጣለች። እናቷ አስቀድማ አውቃለች። የልጇ ክፉ ነገር ይህ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ማታ እየተደበቀች የተቸገረ መርዳት ከሆነ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደገች ፈጣሪዋን እንደምታመሰግን ትነግራታለች። ይተቃቀፋሉ።

እኔ የወደድኩት እናቷ ማወቋን ብቻ አይደለም፤ መጠበቋን ነው። ካማላ በራሷ አፍ እስክትናገር ጠበቀቻት። አብሮ አደጌ የሆነ ጓደኛ አለኝ። አንድ ጊዜ ነገሮች ጨልመውብኝ ለማንም ሳልተነፍስ «ደህና ነኝ» እያልኩ በነበርኩበት ወቅት፣ እሱ ምንም ሳይጠይቀኝ ሥራውን ሲጨርስ እየመጣ አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። ኮሚክ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ያነባል፣ እኔ አነባለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስነግረው «አውቅ ነበር እኮ» አለኝ። ያን ዕለት የተሰማኝን በቃላት ማስቀመጥ ያቅተኛል። የካማላን እናት ሳነብ ግን የማስበው እሱን ነው።

ስለ ጭምብል ካወራሁ ቲም ሃሪሰንን መዝለል አልችልም። ጃንዩዋሪ 1984፣ የስፓይደርማን 248ኛ ቁጥር፤ ደራሲው ሮጀር ስተርን፣ ሰዓሊው ሮን ፍሬንዝ። አጭር ታሪክ ነው። ቲም የ9 ዓመት ልጅ ነው። ስለ ስፓይደርማን የወጣውን ሁሉ ከጋዜጣ እየቆረጠ ይሰበስባል። አንድ ምሽት ስፓይደርማን ራሱ በመስኮት ይመጣል። አብረው የሰበሰበውን ያገላብጣሉ። ድሩን የሚረጭበትን መሣሪያ ያሳየዋል። ልጁ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። አንባቢው ፈገግ እያለ ነው የሚያነበው።

ልጁ በመጨረሻ የሚጠይቀው ያው ሁሉም ሰው መጠየቅ የሚፈልገውን ነው፦ ማን ነህ? ስፓይደርማን ትንሽ ያመነታል። ከዚያ ጭምብሉን ያወልቃል። ፒተር ፓርከር እባላለሁ ይለዋል። አጎቱን ያጣበትን ታሪክም አልደበቀውም። ልጁ ለማንም እንደማይናገር ቃል ይገባል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ፒተር ይሄዳል። ታሪኩ ሲያልቅ ብቻ ነው ቲም ያለበት ክፍል የካንሰር ሕክምና ማዕከል ውስጥ መሆኑን የምናየው። ሉኪሚያ ነው፤ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ስዕሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የፒተርን ፊት በተለይ። አሁን ሳስበው የዚህ ታሪክ ጥንካሬ ስፓይደርማን ልጁን ለማዳን አለመሞከሩ ላይ ነው። ተአምር የለም። ፒተር ምን ማድረግ እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህ ያለውን ውድ ነገር ሰጠው፤ ያኔ አክስቱ እንኳ የማያውቁትን ስሙን። (በዚያው ዓመት ጓደኛው ሜሪ ጄንም ከድሮ ጀምሮ እንደምታውቅ ትነግረዋለች፤ 1984 ለፒተር የመታወቅ ዓመት ነበር ማለት ነው።) ልዕለ ጀግና ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የማስነብበው ይሄን ነው፤ ሌላውን በኋላ ያነባል።

ጓደኝነት ላይ ደግሞ የጆኒ ስቶርምንና (ፋንታስቲክ ፎር ከሚባለው የጀግኖች ቡድን አንዱ ነው) የፒተርን የሚያህል የለኝም። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይነጃጀሳሉ፣ ይናናቃሉ፣ የነፃነት ሐውልት ላይ እየተገናኙ ያወራሉ። በ2005 ዳን ስሎት በጻፈው ታሪክ ውስጥ ፒተር ማንነቱን ይገልጽለታል፤ ያኔ ነው አንዱ በሌላው ሕይወት ይቀና እንደነበር የሚተዋወቁት። ጆኒ ዝና፣ ገንዘብ፣ ትልቅ ቤተሰብ አለው። ቢሆንም የሚቀናው በፒተር ነው።

ያ ሁሉ ቀልድ በ2011 ወደ ሐዘን ይዞራል። ጆናታን ሂክማን በጻፈው የፋንታስቲክ ፎር 587ኛ ቁጥር ላይ፣ ጆኒ አብረዋቸው ያሉት ልጆች እንዲተርፉ የቡድን ጓደኛውን ቤን ግሪምን ወደ ውስጥ ገፍቶ በሩን ይዘጋል፤ እሱ ራሱ ውጭ ቀርቶ ይሞታል። ቤን ያን ሰሞን ኃይሉ ሁሉ የለም፤ ተራ ሰው ሆኗል። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። የሚቀጥለው ቁጥር ሐዘን ነው፤ ቃላት የሉበትም ማለት ይቻላል። ሐዘን ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው አጠገብህ ይቀመጣል፣ የሚባል ነገር የለም።

በዚያው ቁጥር መጨረሻ ያለችው ትንሽ ታሪክ ናት ልቤን የወሰደችው። ስፓይደርማን የጆኒን የእህት ልጅ፣ ትንሹን ፍራንክሊንን ይዞት ይወጣል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ስለራሱ አጎት ያጫውተዋል። አጎቱን ያጣ ልጅ፣ አጎቱን ላጣ ልጅ። ያጽናናዋል፣ ግን «አይዞህ ያልፋል» ብሎ አያቃልልበትም። ጆኒ ደግሞ ቀድሞ መልእክት ትቶ ነበር፤ እሱ ከሌለ ቦታውን ስፓይደርማን እንዲይዝ። ከአክስቱ በቀር ቤተሰብ ያልነበረው ሰው በጓደኛው ኑዛዜ ቤተሰብ ገባ። ጆኒ ያው እንደ ኮሚክ ወግ በኋላ ተመልሷል፤ ስለ መመለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ባትማንና ሱፐርማን ከነዚህ ይለያሉ። እነሱ አንዳቸው የሌላኛውን ስም ከድሮም ያውቃሉ። የማያውቁት አንዱ ስለ ሌላው ምን እንደሚያስብ ነው። በ2017 መጨረሻ በወጣው የባትማን 36ኛ ቁጥር፣ ቶም ኪንግ ጽፎት ክሌይ ማን በሳለው፣ ብሩስ ዌይን (ባትማን) ሊያገባ ነው፤ ለክላርክ (ለሱፐርማን) ግን አልደወለለትም። ክላርክም እንኳን ደስ አለህ ሊለው አልደወለም። ባለቤቱ ሎይስ ክላርክን ትወተውታለች፣ እጮኛው ሰሊና ብሩስን። ሁለቱም ግትር። ከዚያ ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ ክላርክ ወላጆቹን በልጅነቱ በጥይት አጥቶ ያንን ሕመም ለሰው ተስፋ ስላደረገው ሰው ያወራል። ብሩስ ዓለሙን ሙሉ አጥቶ፣ ያሻውን መሆን እየቻለ ደግነትን ስለመረጠው ሰው። ሁለቱም «እሱ ከእኔ ይሻላል» ነው የሚሉት። ለባለቤቱ ወይም ለእጮኛው እንጂ ለራሱ ለጓደኛው አይናገርም! ይሄን ያላደረገ ወንድ ካለ ይንገረኝ። በሚቀጥለው ቁጥር አራቱ አብረው ሲዝናኑ ሁለቱ ልብስ ይለዋወጣሉ፤ ባትማን የሱፐርማንን፣ ሱፐርማን የባትማንን ለብሰው። እንዲያ ሆነው ሲታዩ ያስቃሉ፣ ያምራሉም።

የዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር በክሊቭላንድ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ዓይን አፋር ልጆች ነበሩ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይስላል። መነጽር ያደረገ፣ ማንም ቁም ነገር የማይለው፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ሰው ፈጠሩ። በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡት። በኋላ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፣ ስማቸውም ከኮሚኩ ላይ ወጣ። ዓለም ሱፐርማንን ሲያውቅ እነሱን አያውቃቸውም ነበር። የሹስተር ዓይን እየደከመ ሄደ። እንደ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ያሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ባይጮሁላቸው ኖሮ እንዲያው ይቀሩ ነበር። በ1975 መጨረሻ መብቱን የያዘው ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍል ተስማማ፤ ስማቸውም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚወጣ የሱፐርማን ኮሚክ ላይ «በጄሪ ሲግል እና በጆ ሹስተር የተፈጠረ» የሚል መስመር አለ። በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔ ሁለቱን ስሞች ሳላነብ ገጹን አልገልጥም።