ያልተፈቀደለት ፎልደሩን እንዳያየው፦ የቢሯችን ሰርቨር የደረሰበት

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ገንዘብ ያዣችን የጋራውን ድራይቭ ስትከፍት የሚታያት የፋይናንስና የጠቅላላ አገልግሎት ፎልደር ብቻ ነው። «የሰው ኃይል» የሚለው ስሙም አይታያትም። የሰው ኃይል ሠራተኛዋም እንዲሁ፣ የፋይናንሱን አታይም። ሰርቨሩ (የጋራ ፋይሎቻችን ያሉበት ኮምፒውተር) አንድ፣ ሼሩም (በኔትወርክ የምንጋራው ፎልደር) አንድ፤ ሁሉም ግን የየራሱን ያያል። ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ባልደረቦቼ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሼር መፍጠር፣ ዩዘር መክፈት፣ በየክፍሉ ግሩፕ ማዘጋጀት ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ፎልደር ላይ ፈቃድ የምትሰጡት ለግሩፕ ይሁን፣ በሰው ስም አይሁን። ሰው ክፍል ሲቀይር ከአንዱ ግሩፕ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው። በሰው ስም ከሆነ ግን ስሙን በየፎልደሩ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ፎልደሩን ከዓይን የሚሰውረው አክሰስ ቤዝድ ኢኑመሬሽን (ፈቃድ እያየ መዘርዘር) የሚባለው ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ሰርቨር ማኔጀር ውስጥ የሼሩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ሴቲንግስ ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ዩዘሩ የማንበብ ፈቃድ የሌለውን ፎልደር ሰርቨሩ ዝርዝሩ ውስጥ አይልክለትም።

ምልክቱን አደረግኩ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየቱን ቀጠለ! ያበሳጨኝም፣ ያስተማረኝም ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «ዩዘርስ» ለሚባለው ግሩፕ የማንበብ ፈቃድ ራሱ ይሰጣል። የዶሜኑ (የቢሮው ኮምፒውተሮችና ዩዘሮች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ሠራተኞች በሙሉ ደግሞ እዚያ ግሩፕ ውስጥ አሉ። ፈቃዱ ከላይ ወደ ታች ይወረሳል፤ ስለዚህ የደመወዝ ፎልደሩ ጋ ሳይቀር ይደርሳል። ሰርቨሩ «ይህ ሰው ማንበብ ይችላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አዎ» ነው። ታዲያ ለምን ይደብቀው?

መፍትሔው የክፍሎቹ ፎልደሮች በውስጡ ያሉበት ዋናው ፎልደር ላይ ነው። ፕሮፐርቲሱን ከፍታችሁ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቡ። «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» (ውርሱን አቋርጥ) ስትሉ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ የተወረሰውን ፈቃድ የፎልደሩ የራሱ የሚያደርገውን ምረጡ። ከዚያ የ«ዩዘርስ»ን የማንበብ መስመር ክፈቱና «አፕላይስ ቱ» (የሚሠራበት ቦታ) የሚለውን «ዚስ ፎልደር ኦንሊ» (ይህ ፎልደር ብቻ) አድርጉት። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ሰው በሩን አልፎ ይገባል፣ ፈቃዱ ግን ወደ ውስጥ ክፍሎች አይከተለውም። እዚያው ዩዘርስ አዲስ ፎልደር እንዲፈጥሩ የሚፈቅዱ መስመሮች ካሉ አጥፏቸው፤ አለበለዚያ ዋናው ገጽ «ኒው ፎልደር» በሚሉ ነገሮች ይሞላል። የ«ሲስተም»ንና የ«አድሚኒስትሬተርስ»ን መስመሮች አትንኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ የክፍል ፎልደር ላይ የዚያን ክፍል ግሩፕ ብቻ ጨምሩ።

እንዲህ ሳደርግ የሰው ኃይል ፎልደር ከገንዘብ ያዣችን ስክሪን ላይ ጠፋ።

የምወደው መሣሪያ እዚያው አድቫንስድ ውስጥ ያለው «ኢፌክቲቭ አክሰስ» ነው። የሠራተኛውን ስም ታስገቡና ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል በአረንጓዴና በቀይ ምልክት ይዘረዝርላችኋል። በአድሚን አካውንት ከፍቶ መሞከር ግን ዋጋ የለውም፤ አድሚን ሁሉም ይታየዋል። ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ መሞከርም እንዲሁ፣ መሰወሩ የሚሠራው በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ብቻ ነውና።

ሌላው ያስቸገረኝ ሎግ አውት ነው። ግሩፕ ውስጥ ካስገባኋት በኋላ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ እኔ ጋ ምንም የለም።» «እስቲ ሎግ አውት ብለሽ ግቢ።» «አድርጌዋለሁ እኮ!» ሄጄ ሳይ ስክሪኑን ነው የቆለፈችው። መቆለፍ አይበቃም። የግሩፕ ለውጥ የሚያዘው ሰውየው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው።

ሁለት ነገር ላይ አቋሜ የጠነከረ ነው። የሼሩ ስም መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ጨምሮ መደበቅ ጥበቃ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጽፎ ለመግባት ይሞክራል፣ ፈቃድ ካለው ይገባል። «ዲናይ» (ከልክል) የሚለውንም አትጠቀሙ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ግሩፕ ውስጥ ካሉ፣ አንዱ ላይ ያለ ክልከላ የሌላውን ፈቃድ ይውጠዋል፤ ከዚያ በየፎልደሩ ምክንያቱን ፍለጋ ነው። ፈቃድ አለመስጠት ራሱ በቂ ክልከላ ነው።

አሁን የቀረኝ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የሚዛወር ፋይል ነው። እዚያው ድራይቭ ውስጥ ከት አድርጎ ፔስት የሚያደርግ ሰው ፋይሉ የድሮ ፈቃዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ኮፒ ሲሆን ግን የአዲሱን ቦታ ይወርሳል። ለጊዜው ኮፒ አድርጉና ከዚያ የድሮውን አጥፉ ብያቸዋለሁ። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።