መጨረሻው መስመር ላይ የማይደርስ ስክሪፕት

ጠዋት 2፡30 ላይ ዳታቤዙ አልጽፍ አለ። ዲስኩ ጢም ብሏል። ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ያለው መሥሪያ ቤታችን ደግሞ በባለጉዳይ ተሞልቷል።

ሰርቨሩ ላይ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቫር ቴምፕ የሚባል ፎልደር ስከፍት ቀን የተለጠፈባቸው የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፋይሎች ተከምረዋል። ብዙዎቹ ጎዶሎ ናቸው፤ ተጽፈው ሳያልቁ ተቋርጠዋል። የሌሊቱ ስክሪፕት፣ ማለትም በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል፣ ዳታቤዙን እዚያ ይገለብጣል፣ ይጨምቃል፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል፣ ከዚያ ያጠፋል። ክረምት ላይ ግን ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤሱ ባትሪ ስለደከመ ሰርቨሩም አብሮ ድርግም ይላል። ቫር ቴምፕ ደግሞ ሰርቨሩ ጠፍቶ ቢነሳም የያዘውን አይለቅም።

ኃላፊያችን መጡ።

«ዲስኩ ከሞላ ትልቅ ዲስክ ይገዛል።»

«ቢገዛም ይሞላል፣ ጌታዬ። ስክሪፕቱ ቆሻሻውን አያነሳም።»

«እንዴት አያነሳም? መጨረሻው መስመር ላይ ማጥፊያ አለ፤ የሠሩልን ሰዎች አሳይተውኛል።»

«አለ። እዚያ መስመር ሳይደርስ ነው መብራቱ የሚሄደው።»

ዝም አሉ። አንድ ባልደረባዬ ጣልቃ ገባ፦ «ታዲያ ቫር ቴምፕን ሌሊት ሌሊት ጠራርጎ የሚያጠፋ ክሮን እናስገባ!» ክሮን በተመደበለት ሰዓት ራሱ የሚነሳ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ። ሌላ ፕሮግራም እየሠራበት ያለ ፋይል እኮ እዚያው ነው የተቀመጠው። የሰው ዕቃ አይነካም፤ የፈጠረው ያጥፋው።

ስክሪፕቱን ቀየርኩት። ጊዜያዊ ፎልደሩን ኤምኬቴምፕ በሚባለው ትእዛዝ ይፈጥራል፤ ስሙ በየጊዜው ስለሚለያይ ሁለት ሥራ አይጋጭም። ቀጥሎ ኤግዚት ላይ ትራፕ፣ ማለትም ስክሪፕቱ ሲወጣ የሚፈጸም ትእዛዝ፣ አስገባሁ፤ ስክሪፕቱ በሰላም ቢያልቅም መሃል ላይ ቢወድቅም ፎልደሩ ይጠፋል። ትራፕ ግን መብራት ሲሄድ ምንም አያደርግም፤ ፕሮግራምን በግድ ወዲያው የሚገድለውን ኪል ማይነስ ናይንንም አይዝም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሥራ ሲጀምር ካለፈው የተረፈውን ይጠርጋል፦ በራሱ ስም የሚጀምረውን ብቻ፣ ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን ብቻ።

ኃላፊያችን ፊት ሞከርኩት። መሃል ላይ በኮንትሮል ሲ አቋረጥኩት፤ ፎልደሩ የለም። በኪል ማይነስ ናይን ገደልኩት፤ ፎልደሩ ቀረ። የፎልደሩን ቀን ከአንድ ቀን በላይ ወደ ኋላ አድርጌ እንደገና ሳስነሳው መጀመሪያ ያነሳው እሱን ነው። «ገባኝ» አሉ።

ዲስኩ ግን ተገዛ። አሁንም ያንገበግበኛል። ያ ገንዘብ ለዩፒኤስ ባትሪ ቢውል ኖሮ፣ መብራት በሄደባቸው ሌሊቶች ባክአፑ ሥራውን ጨርሶ ይወጣ ነበር። የኔ ስክሪፕት ጎዶሎውን ፋይል ይጠርጋል እንጂ ሙሉ አያደርገውም።