ከጎረቤት ከተማ ያመጣሁት ፍላሽ

የከተማችን ንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኜ ስገባ የተረከብኩት ማህተም፣ ቁልፍና ሁለት መደርደሪያ ሙሉ አቧራ የለበሰ ፋይል ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ከለቀቀ አምስት ወር አልፎታል። ማን የአባልነት መዋጮውን እንደከፈለ፣ የየትኛው ባዛር ሂሳብ እንዳልተዘጋ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሙያዬ ሂሳብ ነው። ሂሳብ ማስታረቅ አያቅተኝም። ነጋዴ ማሰባሰብ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ምክር ቤቶቻችን የተደራጁት በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። አባልነት በፈቃደኝነት ነው፤ ነጋዴው ጥቅም ካላየ አይከፍልም። ዋና ጸሐፊው ተቀጣሪ ነው። አለቆቹ ደግሞ በምርጫ የሚመጡ፣ የየራሳቸው ሱቅና ፋብሪካ ያላቸው የቦርድ አባላት ናቸው። በአንድ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ግራ ሲገባህ ጎረቤት ቢሮ ብቅ ብለህ «እናንተ ይህን እንዴት ነው የምታደርጉት?» የምትለው የለም። የአዲስ አበባው ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። እንደ እኛ ባለ ሦስት ሠራተኛ ቢሮ ግን ጸሐፊው ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል።

በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ቅዳሜ ጠራሁ። አዳራሽ ተከራየሁ፣ ምሳ አዘዝኩ። ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ የትኛው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል? ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አልነበረብኝም። የሚነግረኝ አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር።

ያን ሰው ያገኘሁት አንድ ሥልጠና ላይ በሻይ ሰዓት ነው። በሌላ ከተማ ለብዙ ዓመታት ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ችግሬን ዘርዝሬ ስጨርስ «ሥልጠናው ጥሩ ነው። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ግን እኔ ቢሮ መጥተሽ ሦስት ቀን መቀመጥ ነው» አሉኝ። ከዓመት ዕረፍቴ ቀንሼ ሄድኩ።

ጋሼ ምንም አላስተማሩኝም። ሥራቸውን ሠሩ፣ እኔ አየሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፦ ምን ይነግዳል፣ መጨረሻ የተነጋገሩት መቼ ነው፣ ምን ብሎ አማረረ። የመዋጮ ስልክ የሚደውሉት የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሚጀምርበት ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በዚያ ጊዜ ነጋዴው ወረቀቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የሚውለው። ሲደውሉ ደግሞ በመዋጮ አይጀምሩም። «ያ የጉምሩክ ጉዳይህ ምን ደረሰ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ለአባላቶቼ የምልከው «ክፍያዎን እንዲያጠናቅቁ እናሳስባለን» የሚል ደብዳቤ ነበር።

ከፋይሎቻቸው አንዱ የ2009 የቀን ገቢ ግምት ጊዜ ነው። ያኔ ግብር ለመጣል የቀን ገቢያቸው የተገመተባቸው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም የትንንሽ ነጋዴዎች፣ ቅሬታ በየከተማው እንዴት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጋሼ ቅሬታውን በዘርፍ በዘርፍ ለይተው፣ ፀጉር ቤቱን ለብቻ፣ ሻይ ቤቱን ለብቻ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ማስረጃ አያይዘው ነበር። ከፋይሉ ውስጥ ያልተሳኩትም አልወጡም። የትኛው ማመልከቻ ለምን ውድቅ እንደሆነ በእጃቸው ጽፈውበታል።

ሁሉንም ያየሁት የባዛር ውሉ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የገና ባዛር እኛ ቦታውን ለአንድ አዘጋጅ ሰጥተን ነበር። ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን «ከባዛሩ ገቢ» ብሎ ተስማማን። በመጨረሻው ሌሊት ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። የመብራቱም የጽዳቱም ዕዳ እኛ ላይ ቀረ። ቦርዱ ፊት የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። የጋሼ ውል ሰባት ገጽ ነው። ቀሪው ክፍያ ባዛሩ ከመከፈቱ ከአምስት ቀን በፊት ይገባል፤ ካልገባ በሩ አይከፈትም። ለጽዳትና ለመብራት ለብቻው ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል። የአካባቢው አባላት የሚያገኙት የድንኳን ቁጥርና ዋጋ አስቀድሞ ተጽፏል። «ይህን አንቀጽ ያስገባሁት በዚህ ዓመት እንዲህ ሆኜ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኪሳራ ነበር። ስሄድ ሁሉንም በፍላሽ ገልብጠው ሰጡኝ። እኔም በምላሹ የመዋጮ መከታተያ በኤክሴል ሠርቼ ላክሁላቸው። እሳቸው በእጅ ነበር የሚደምሩት።

ከዚያ በኋላ በአቅራቢያችን ካሉ ከተሞች አራት ጸሐፊዎች ተሰባሰብን። በቴሌግራም ጀመርን፤ በወሩ የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ሆነ። ስለዚህ አንድ ነገር ተስማማን፦ ጥያቄ ያለው ሰው ያለውን ወረቀት፣ ረቂቅም ቢሆን፣ አያይዞ ይጠይቅ። ነገሩ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ያማረ ዓመታዊ ሪፖርት መለዋወጥ ምንም አልጠቀመንም። የጠቀመን የተሰረዘ የተደለዘ ቃለ ጉባኤ፣ ኦዲተር የመለሰው ሂሳብ፣ ውድቅ የሆነ የፕሮጀክት ሐሳብ ነው።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። የመከታተያውን ፋይል የአባሎቻችን ስምና ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እንዳለበት ለጸሐፊዎቹ ላክሁት። ወዲያው አስጠፋሁ፣ ለቦርዱም ነገርኩ። አሁን ባዶው ቅጽ ለብቻው ተቀምጧል፤ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው።

ሌላው፣ መካሪህ አንተን የሚያህል ቢሮ ያለው ሰው ቢሆን ይሻላል። ከትልቅ ምክር ቤት የመጣ መመሪያ ለእኛ አልገጠመንም፤ አምስት ክፍል ኃላፊ አለን ብሎ ነው የሚነሳው። ከቦርድ ጋር ስትጋጭ ደግሞ ከሌላ ጸሐፊ በቀር የምታዋየው የለም። ለባለቤቴ ብነግረው ያዝንልኛል። ጋሼ ግን «መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን ለብቻው አነጋግሪው፤ ስብሰባ ላይ አታስደንግጭው» ይሉኛል። ያ ምክር ሁለት ጊዜ ከሥራ መልቀቅ አድኖኛል።

ባለፈው ጳጉሜ አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ደወለልኝ። ለገና ባዛር ሊያዘጋጅ ነው፤ ውል የለውም። ሰባቱን ገጽ ላክሁለት፣ በየአንቀጹ ትይዩ ታሪኩን ጽፌ። ከባዛሩ በኋላ ውሉን መለሰልኝ። ስምንተኛ ገጽ አለው። ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል የመብራት ቆጣሪው ንባብ በሁለት ፊርማ ይመዝገብ ይላል። ለጋሼም ልኬላቸዋለሁ።